ተራ ቁጥር አሥራ አንድ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጻፈውን ጥናት የሚያነቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አማካሪው፣ ፈታኙና ራሱ። ከሦስቱም አንዱ እያዛጋ ነው። ይህን ለሪሀና ማንም አልነገራትም፤ ሁለት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ተመላልሳ በዓይኗ ያረጋገጠችው ነው። በጥቁር ልባድ የተጠረዙት ጥናቶች መደርደሪያው ላይ ከመክረማቸው የተነሳ አንዱን ስትስበው ጎረቤቱ አብሮ ተጣብቆ ይመጣል። ስለዚህ የፎክሎር ማስተርስ ጥናቷን አስጠርዛ ስታስረክብ፣ የዚያን አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ገጽ መጨረሻ ከሚሴ ውስጥ የሚገልጥ ሰው ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም። የስህተቷ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ዓመት አዲስ ነገር አማረው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምርና የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅ ተባለ፤ ይሁን። ግቢ ውስጥ ተዘግቶ ሳይሆን ጥናቱ የተሠራበት ሕዝብ ዘንድ ወርዶ ይታይ ተባለ፤ ይሄም ይሁን። ዕጣው ለከሚሴ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የተማሪ አውቶቡስ መጣና የከተማው አዳራሽ በር ላይ ዕቃውን አራገፈ።

ዕቃውስ ዕቃ ነው? የግብርናው ምንዳዬ አቀንጭራ የሚባለው አረም የጨረሰውን ማሽላና ያልነካውን ማሽላ በሁለት ባልዲ አፈር ተክሎ፣ ከአውቶቡሱ ሲያወርድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ነበር። የውሃ ምህንድስናው ሙሀመድኑር የቦርከናን ወንዝ በሲሚንቶና በሰማያዊ ቀለም ሠርቶ ጣውላ ላይ አጋድሞታል። የጤናዋ ተማሪ የወባ ትንኝ በብልቃጥ ደርድራለች። አንዱ ደግሞ ኦሮምኛ ሲነግሩት አማርኛ የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርቷል፤ እንደ ከሚሴ ሰው ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ቀላቅለው ሲነግሩት ግን ደንግጦ ዝም ይላል። ሠዓሊዋ ሚስራ የጨፋን ጭቃ በጥብጣ በሳለችው ሸራ የአዳራሹን አንድ ጥግ ሙሉ ጋርዳዋለች። የሪሀና ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ ጥቁር መጽሐፍ ብቻ ነው። ከእሷ በቀር የአካባቢው ልጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ጠረጴዛዋን በሩ አጠገብ አደረጉላት።

ጥናቷ ስለ ደም እርቅ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በመስኖ ውሃ ተራ ጠብ ተነሳና ጀሚል የሚባል ወጣት በድንጋይ ተመቶ ሞተ። ለእናቱ ለእማ ዘሃራ አንድ ልጃቸው ነበር። በወዲያኛው ወገን የነበሩት አራት የአጎት ልጆች ናቸው፤ ድንጋዩ ከማን እጅ እንደወጣ ከአራቱ በቀር የሚያውቅ የለም። አበጋሮች፣ ማለት በዚያ አገር ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ገብተው ዱዓ ተደርጎ ታረቁ። እርቁ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እጁ አይጠየቅም። የገዳይ ወገን በሙሉ “እኛ ነን” ብሎ ቆመ። የሟች ወገን “ማን?” ላይል፣ አራቱም ለሟች ቤት በአፋቸው ላይናገሩ ማሉ። እጁ የታወቀ ዕለት እርቁ ፈረሰ፤ ደሙ እንደ አዲስ ይነሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረ። ልጃቸውን ላጡት እናት ከአራቱ አንዱ እንደ ልጅ ሆኖ ይረስላቸው ተባለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አቡበከር “እኔ” አለ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ያርስላቸዋል፣ ማሽላቸውን ያጭዳል፣ ሲያማቸው ከሚሴ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ይመጣል። ሚስት አግብቶ የወለዳቸው ልጆች እማ ዘሃራን አያታችን ብለው ነው ያደጉት።

ለሪሀና የነገራትም እሱ ነው። እርሻው ዳር ቀንበሩን አውርዶ፣ በሬዎቹን ለቆ፣ የድምፅ መቅጃውን ፊቱ እንድታስቀምጥ ራሱ ጠየቃትና ሳያቋርጥ ነገራት። ያን ቀን ማስታወሻ መያዝ እንኳ አቅቷት ነበር።

“ስምህ አይጻፍም፣ አትስጋ” አለችው ሲጨርስ።

“ለምን አይጻፍም?” አላት።

ነገሩ ያልገባው መስሏት ስለ ጥናት ሥነ ምግባር አብራራችለት። እስክትጨርስ ሰማትና የፈቃድ ቅጹን ተቀበላት። የጎልማሶች ትምህርት የተማረው ስሙን ለመጻፍ ያህል ነው፤ እነዚያን አምስት ፊደሎች ላቡ እስኪወርድ ጻፋቸውና በጣቱ አንድ በአንድ ነካካቸው።

ሪሀና ቃሏን ጠብቃ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ አቡበከር “ባለታሪክ ሀ” ሆነ፤ ጀሚል “ሟች” ተባለ፤ መንደሯም ስም አጣች። እንዲህ ተጠንቅቃ ከርማ፣ ጥናቷን ከተከላከለች በኋላ አማካሪዋ ዶክተር ማስረሻ አንድ እርማት ሰጧት። “ከኋላ ያለው የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ማን ምን እንደሆነ አይናገርም። አንድ ዓምድ ጨምሪበት።” የማስረከቢያው ቀን በማግስቱ ነበር። ጨመረች። አሥራ አራቱንም ሰዎች በየተራቸው ሞላች፣ አስጠረዘች፣ እፎይ ብላ ተኛች።

ያን ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ ገና ሳይመጡ፣ ቀድሞ የገባው መምህር አብዶ ነው። የእማ ዘሃራ የወንድም ልጅ ነው፤ ከሚሴ ያስተምራል።

“አካም ጅርታ ሪሀና! ማሻአላህ፣ ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?” አለና መጽሐፉን አነሳ።

አነሳና ከኋላው ገለጠው። የአገሬው ሰው ስለ አገሩ የተጻፈ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ማን ማን ተጻፈ የሚለውን ነው፤ መግቢያውንና ንድፈ ሐሳቡን ለባለቤቱ ይተውለታል። ሪሀና ሁለት ዓመት ሙሉ የአገሬውን ልማድ ስታጠና ይህችኛዋን ዘንግታት ነበር።

“አክስቴ!” አለ አብዶ። “ተራ ቁጥር አራት፣ ወይዘሮ ዘሃራ፣ ዕድሜ ሰባ ሁለት፣ የሟች የጀሚል እናት። ሱብሃነላህ! የጀሚል ስም መጽሐፍ ላይ ወጣ።” ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጣቱን ወደ ታች አወረደ። “አቡበከርም አለ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ። ደግ አደረግሽ። እኛ የሥጋ ዘመዶቿ ምን አደረግንላት? የደረሰላት እሱ ነው።” ግንባሩን ቋጠር አደረገ። “ይሄ ከጎኑ ያለው ምንድን ነው? ባለታሪክ ሀ፣ ምዕራፍ አራት ይላል።”

ሪሀና የጨመረችውን ዓምድ አሁን ገና በአብዶ ዓይን አየችው።

“የጥናት አጻጻፍ ነው” አለች። “ቁጥር እንደማለት።”

“እህ” አለ አብዶ፤ ምዕራፍ አራትን ለመፈለግ ገጹን ሲገልጥ ስልኩ ጮኸ። ተነጋገረና መጽሐፉን መለሰላት። “የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ከምሳ በኋላ ተመልሼ ተረጋግቼ አነበዋለሁ፣ ወላሂ። እስከዚያ ለአክስቴ ልደውልላት፤ የልጇ ስም መጻፉን ትስማ።”

ሲወጣ መጽሐፉን ገለጠች። ምዕራፍ አራት የሚጀምረው በባለታሪክ ሀ ቃል ነው። “ድንጋዩ ከቀኝ እጄ ሲወጣ የት እንደሚያርፍ አውቄዋለሁ።” ከዚያ በታች አራት ገጽ አለ። አብዶ የተማረ ሰው ነው፤ ሁለቱን ገጾች ለማገናኘት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ደግሞም ጀሚል አብሮ አደጉ ነበር።

ዶክተር ማስረሻ የማይክሮፎኑን ገመድ ሲያስተካክሉ ደረሰችባቸው።

“ዶክተር፣ መጽሐፌን ከጠረጴዛው ላይ ላንሳው።”

“ምን ሆነና?”

“የመረጃ አቀባዮቹ ዝርዝር ችግር አለበት።”

“የፊደል ግድፈት ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

ይሄን እንዴት ትመልሰው? ችግሩን መናገር ማለት ስሙን መናገር ነው። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። ዶክተር ማስረሻ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ተማሪያቸው የመድረክ ፍርሃት የያዛት መሰላቸው።

“የዞኑ እንግዶች አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ” አሉ ረጋ ብለው። “ከመላው ተማሪ የአካባቢው ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ። ባዶ ጠረጴዛ ልናሳያቸው ነው?”

“ዝርዝሩን ብቻ ላውጣው?”

“ከማን እንደተገኘ ያልተጻፈ ጥናት ሜዳ ላይ የተወራ ወሬ ነው፣ ሪሀና። እንዲህ ያለ ነገር ካንቺ አልጠብቅም።” ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

እሷ መጽሐፉን ነጠላዋ ሥር ይዛ ከሚስራ ሸራ ጀርባ ገባች። ሁለት ቅጂ ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ እዚያ ግን ማንም ደርሶ አይገልጠውም፣ ደግሞም ሰኞ ሄዳ አንድ መላ ትፈጥርለታለች። አሁን ያለው ይሄ ነው። ገጽ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባትን ከሥሩ ይዛ ጎተተችው። ጥራዙ ጠንካራ ነበርና ቶሎ አልለቀቀም፤ የተቀደደበት ድምፅ አዳራሹን ሁሉ የሞላ መሰላት።

ሚስራ እጇ ጭቃ እንደሆነ ቆማ ታያት ነበር። “እኔ የሳልኩትን ስቀድ ማንም አይጠይቀኝም” አለች። “አንቺን ግን ይጠይቁሻል።”

“ይጠይቁኝ” አለች ሪሀና። ገጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ፈርታ ነበር፤ ግን ትክክል የሆነ ነገር ያደረገች ሰው ፍርሃት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። አብዶ “ሀ” የምትለዋን እስከ ከሰዓት ይረሳት ይሆናል፤ ቢጠይቅም ገጹ ተበላሽቶ ነው ትለዋለች። እርቁ ከእሷ ዲግሪ ይበልጣል። የአንድ ሸለቆ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት አፉን ዘግቶ የጠበቀውን ነገር በአንድ ዓምድ ልታፈርሰው ነበር።

እንግዶቹ ገቡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። የአቀንጭራው ባልዲ ዙሪያ ገበሬው ተሰብስቦ ምንዳዬን በጥያቄ አላስተነፍስ አለው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና እማ ዘሃራ በአቡበከር ክንድ ተደግፈው ወረዱ።

ሪሀና አቡበከርን ራሷ እንደጠራችው ትዝ አላት። የዛሬ ሳምንት ለአቡበከር ደውላ ነበር፤ ለወጉ ያህል። ና፣ ሥራችን ይታያል፣ ስምህም ከኋላ ዝርዝሩ ላይ አለ ብላዋለች። እሱ በሬዎቹን ሲያስቆም በስልኩ ተሰማት። “ስሜ አለ?” አላት። አለ አለችው። “እንግዲያ ሀርሜን ይዣት እመጣለሁ” ብሎ ዘጋው። ሀርሜ የሚላቸው እማ ዘሃራን ነው፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ልቧን ደስ ብሏት ነበር።

እማ ዘሃራ አዲስ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። የሙሀመድኑርን ቦርከና ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይሄ ቀጥ ብሏል እኮ” አሉት። “ቦርከና መቼ ነው እንዲህ ቀጥ ያለው?”

“ወደፊት ሲስተካከል ነው እማማ” አለ ሙሀመድኑር።

“እሱ ይሰማሃል?” ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወደ ሪሀና ጠረጴዛ መጡ፣ ጉንጮቿን ሳሙ፣ ዱዓ አደረጉላት። “አብዶ ደወለልኝ፣ የኔ እናት። አልሀምዱሊላህ። በይ የጀሚልን ስም አሳዪኝ።”

ሪሀና ወደ መጽሐፉ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ተራ ቁጥር አሥራ አንድን ለማጥፋት ስትጣደፍ ተራ ቁጥር አራት እዚያው ወረቀት ላይ መሆኑን ፈጽሞ ዘንግታዋለች። በመቶ ሰማንያ ሰባቱ ገጽ ውስጥ ጀሚል በስሙ የተጠራው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

“ማንበብ እንኳ ባልችል ልንካው” አሉ እማ ዘሃራ። “ፎቶ የለው፣ ልጅ አልወለደ። ስሙን የሚጠራው ሰው እያለቀ ነው።”

አቡበከር መጽሐፉን አንስቶ ከኋላ ገልጦታል። የሚፈልጋቸውን አምስት ፊደሎች ያውቃቸዋል። አንድ ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገለጠ፣ ተመልሶ ገለጠ፤ ጣቱ የተቀደደው ሥር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ሪሀና ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አለ ብለሽኝ ነበር።”

“አቡበከር፣ ስማኝ፣” አለች በሹክሹክታ፣ “ማን እንደሆንክ የሚያስታውቅ ነገር ነበረው። እርቁ እንዳይፈርስ ብዬ ነው።”

“ስሜ ካለ የነገርኩሽም እንዳለ አውቃለሁ። ያን ቀን ‘ለምን አይጻፍም?’ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?” ዓይኑን ከእማ ዘሃራ ላይ አላነሳም። “በአፌ ላልነግራት ምያለሁ። በወረቀት አልማልኩም። አሥራ ሰባት ዓመት ያበላችኝ ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው። ከእኔ ጎን ያለውን አንብቢላት፣ ከዚያ ያሻትን ታድርግ። ላንቺ የተናገርኩት ለእሷ እንዲደርስ ነው።”

ያን ቀን እርሻው ዳር ነገሩ ያልገባው እሱ ሳይሆን እሷ እንደነበረች ሪሀና አሁን ገባት። ስለ ሥነ ምግባር ያስተማረችው ሰው ከእሷ በላይ አስቦበት ነው የመጣው። አዘነችለት። ግን አብዶም ከምሳ በኋላ ይመጣል። የአብዶ ወንድሞች አሉ። የአቡበከር ልጆች አሉ። እማ ዘሃራስ ቢሰሙ ነገ ማን ክንድ ላይ ይደገፋሉ? ይህን ሁሉ የምትጠይቀው አበጋር አጠገቧ አልነበረም፤ በተማረችው ትምህርት ሁሉ ውስጥም ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ የለም።

“የቱ ጋ ነው?” አሉ እማ ዘሃራ።

“አንዴ ይቆዩኝ፣ እማ ዘሃራ። ወረቀቱ ለብቻው ነው፣ ላምጣው” አለች።

ከሸራው ጀርባ ገብታ ገጹን አወጣች። ረጅም ሰንጠረዥ ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አሥራ አራት። ከአሥር በታች አጠፈችው፣ እጥፋቱን በጥፍሯ ደጋግማ ጫነችው፣ ቀደደችው። የላይኛውን በእጇ ይዛ የታችኛውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ይሄ ራሱ አስደነገጣት።

“ይኸው፣ እማ ዘሃራ። እዚህ ጋ ነው። ጀ፣ ሚ፣ ል።”

እማ ዘሃራ አመልካች ጣታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ስሙ ላይ አሳረፉት። አላለቀሱም። ጣታቸውን ሳያነሱ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ፤ ፋቲሃ እየቀሩለት ነበር። አቡበከር አጠገባቸው መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓውን ተከተለ፣ ሲጨርሱም ከእሳቸው ጋር ፊቱን አበሰ።

“ገለቶሚ፣ የኔ ልጅ” አሏት ሪሀናን። “አላህ ያክብርሽ።” ቀና ብለው አቡበከርን አዩት። “ያንተስ? እጽፋለሁ ብላህ የለም እንዴ። የቱ ጋ ነው ያለኸው?”

አቡበከር ወረቀቱን ተቀበላቸው። ጣቱን ተራ ቁጥር አንድ ላይ አኖረና ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አሥር ላይ ደረሰ። ከአሥር በታች ወረቀት የለም። በተቀደደው ጠርዝ ላይ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ አሳለፈው። ቀና ብሎ ሪሀናን አያት። ቢቆጣት ይቀላት ነበር፤ አልተቆጣም።

“የኔ አልደረሰም፣ ሀርሜ” አለ።

ሪሀና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ነበር። የእሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም።

“አይዞህ፣ ልጄ” አሉ እማ ዘሃራ፣ የጀሚልን ወረቀት ከእጁ ወስደው ጉያቸው ውስጥ እየከተቱ። “አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ሌላ ጊዜ ይጽፉሃል። ና፣ እጅህን ስጠኝ።”

ቀኝ እጁን ሰጣቸው። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው አጥብቀው ይዘውት የአዳራሹን ደረጃ አብረው ወረዱ።